በሁለት ውበቶች መካከል ያለው መንገድ
ስለ ሞተር ብስክሌት የጉዞ መጻሕፍትና ስለ ዕቅዳቸው የቀረበ ሂስ

የጉዞ ዕቅድ እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ታይቶ ሂስ ሲቀርብበት እምብዛም አላጋጠመንም። ዕቅድ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ካርታ፣ የኪሎ ሜትር ስሌት፣ የነዳጅ ሒሳብና የማደሪያ ስም ዝርዝር ነው። ይሁን እንጂ ዕቅድ ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫ ነው። ደራሲ የትኛውን ትዕይንት በሰፊው እንደሚተርክ፣ የትኛውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር እንደሚዘልል ብዕሩን ሲያነሣ እንደሚወስን ሁሉ፣ ተጓዥም ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የት እንደሚያይና የት እንደማያይ ወስኖ ጨርሷል። ከጉዞው በኋላ የሚጻፈው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ውሳኔ ግልባጭ ነው። ስለዚህ የጉዞ መጽሐፍን ለመተቸት የሚፈልግ ሰው ከመጽሐፉ ይልቅ ከዕቅዱ ቢጀምር ያተርፋል።

ጉዳዩ እኛን በቅርብ ይመለከተናል። አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሞተር ብስክሌት ለማቋረጥ የተነሣ ተጓዥ በምሥራቁ መስመር ሲመጣ ሁለት ታላላቅ የውበት ስፍራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር ነው፤ የስሜን ተራሮች፣ የጣና ዙሪያ፣ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚያቋርጠው የባሌው የሳነቴ አምባ። ሁለተኛው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው፤ ላሙ፣ ማሊንዲ፣ ሞምባሳ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከያቤሎ ቁልቁል ወደ ሞያሌ፣ ከሞያሌም በሶሎሎ፣ በዋልዳና በቱርቢ አቅጣጫ ወደ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ የሚወርደው ምድር አለ። በተራራው ላይ አምስት ቀን፣ በባሕሩ ዳር አምስት ቀን የሚመድብ ዕቅድ ለዚህ ምድር የሚሰጠው አንድ መስመር ነው፤ «የማለፊያ ቀን» የሚል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አንድ መስመር ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ መስመር ካለፉት መካከል በዓለም በሰፊው የታወቁት ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬጎርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ናቸው። በ2007 ግንቦት 12 ቀን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥተው፣ 18 አገሮችን አቋርጠው፣ ነሐሴ 4 ቀን ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሱ። ጉዟቸው «ሎንግ ዌይ ዳውን» በሚል ርእስ በመጽሐፍም በተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልምም ቀርቧል። ርእሱን «ረጅሙ የቁልቁል መንገድ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን።

ፍርዳችን ሚዛን እንዲጠብቅ የዚህን ሥራ መልካም ጎን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ፊልሙ ዝግጅቱን አይደብቅም። ሥልጠናው፣ የጉምሩክ ዋስትና ወረቀቱ፣ ቪዛው፣ መድኃኒቱ፣ ከቤተሰብ የመለየቱ ጭንቀት ሁሉ በግልጽ ይታያል። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት እውነተኛ ነው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም እናያቸዋለን። በየመንገዱ የዩኒሴፍን ሥራዎች ይጎበኛሉ፤ በኢትዮጵያም የተቀበረ ፈንጂ በሕጻናት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ቆመዋል። ከሁሉ በላይ የጊዜው ጥበት ራሱ በፊልሙ ውስጥ የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኖ ይቀርባል። ስለ ችኮላው ራሱ የሚያጉረመርም የጉዞ ሥራ፣ ችኮላውን እንደ ጀግንነት ከሚያቀርብ ሥራ ይሻላል።

ሆኖም ማጉረምረም ማረም አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በ85 ቀን ሲካፈል በቀን በአማካይ 280 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ የዕረፍቱንም፣ የድንበሩንም፣ የጉብኝቱንም ቀን ጨምሮ ነው። ይህ ቁጥር ከመነሻው በፊት በዕቅዱ ተጽፏል፤ ፊልሙ ምን ማየት እንደሚችልና እንደማይችልም በዚያው ተወስኗል። በቀን 280 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የሚያየው መንገዱን ነው። የድንጋዩን ሹልነት፣ የአሸዋውን ጥልቀት፣ የጎማውን መጎዳት ያያል። በዚህም የተነሣ ከሞያሌ በታች ያለው ምድር የመንገድ ችግር ሆኖ ይቀርባል። በጊዜው መንገዱ በእርግጥ ክፉ ነበር፤ በከብት ጭነት ላይ ተሳፍሮ ሁለትና ሦስት ቀን የተጓዘበት የአካባቢው ሰው ይህን ለመመስከር ፊልም አያስፈልገውም። ጥያቄው መንገዱ ክፉ ነው መባሉ አይደለም፤ ሌላ ምንም አለመባሉ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ አለን። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በጥቅምት 1973 በ500 ሲ.ሲ. ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ከለንደን ተነሣ። በሰሜን አፍሪካ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ አልፎ ኬንያ ገባ፤ አራት ዓመት ተጉዞ፣ 45 አገሮችን አይቶ፣ ወደ 103,000 ኪሎ ሜትር ነዳ። መጽሐፉ «ጁፒተርስ ትራቭልስ» በ1979 ታተመ። የዚህኛው ሒሳብ በቀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው ሩብ ያህል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይታያል። ሳይመን ሞተሩ ሲበላሽ፣ ወረቀት ሲጎድለው፣ ዝናብ ሲያስቀረው የሚጽፈው ስለ ብልሽቱ ሳይሆን በዚያ ምክንያት ስላገኘው ሰው ነው። ለእርሱ የጉዞ መሰናክል የጉዞው ዋና አካል ነው። በኋላ የተጻፉት ብዙ የሞተር ጉዞ መጻሕፍት ከእርሱ ፍቅሩን ወርሰዋል፤ ዝግታውን ግን አልወረሱም። እርሱም ቢሆን እንደማንኛውም አላፊ ቋንቋውን ሳያውቅ ያለፈበት አገር ብዙ ነው። ነገር ግን ዕቅዱ ለመቆም ቦታ ትቶ ነበር።

ለመቆም ቦታ የማይተው ዕቅድ ምን እንደሚያሳጣ ለመረዳት ከማርሳቢት በስተሰሜን ያለውን የዲዳ ገልገሉን በረሓ እንመልከት። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተዘራበት፣ እስከ አድማስ ዛፍ የማይታይበት ሜዳ ነው። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው የዚህ ቦታ ስም ትምህርት ይሰጣል። «ዲዳ» በቦረና አፍ ሜዳ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ሲሰማ መናገር የማይችል ሰው ይታየዋል። የጉዞ መጻሕፍቱ ቦረንኛውንም አማርኛውንም ሳያውቁ በአማርኛው ትርጉም ጽፈውታል፤ ሜዳው በገጾቻቸው ላይ አንደበት የለውም።

ይህ ሜዳና ዙሪያው ግን ብዙ የሚናገረው አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን የኬንያ ሰሜናዊ ድንበር አውራጃ ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ ክልል ነበር። ከነጻነት በኋላም በ1960ዎቹ የሽፍታ ጦርነት ተብሎ የሚታወቀው ግጭት አደቀቀው። መንገዱ ለአሥርተ ዓመታት ድንጋይ ሆኖ የቀረው ምድሩ ድንጋያማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ይህ ታሪክ ስላለውም ጭምር ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2005 በቱርቢ መንደርና በትምህርት ቤቷ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከሃምሳ በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ሕጻናት ነበሩ። ሁለቱ ታዋቂ ተጓዦች በዚህ አቅጣጫ ያለፉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለተጓዥ «ወንበዴ ሊኖር ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ የጀብዱ ቅመም ነው፤ በመንደሩ ለቀረው ሰው ግን የሟች ስም አለው።

የዋልዳም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅና በቀጣዩ ዓመት በደቡብ ኢትዮጵያ ግጭት ሲበረታ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው ዋልዳ ላይ በተቋቋመው የስደተኞች ካምፕ ሰፈሩ። ካምፑ በ1993 ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። ወታደር፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ እናት ከነልጆቿ፣ ሁሉም የመጡበት መንገድ ዛሬ የሞተር ተጓዡ ከከፍታው ወደ ባሕሩ የሚወርድበት መንገድ ነው። ያው አቧራ፣ ያው ቁልቁለት። ልዩነቱ አንዱ መርጦ መምጣቱ፣ ሌላው ተገዶ መምጣቱ ነው። አንዱ የመመለሻ ቀን በዕቅዱ አለው፤ ሌላው ቀኑን አያውቀውም። አንድ የጉዞ መጽሐፍ ስለዚህ ካምፕ ምዕራፍ ካልጻፈ ብለን አንወቅሰውም። በዚህ መንገድ ላይ ከእርሱ በፊት ያለፈ ሰው መኖሩን ጨርሶ ካላሰበ ግን፣ «ረጅሙ መንገድ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም ጥቂት ሊያመነታ በተገባው ነበር።

እዚህ ላይ «ውብ መልክዓ ምድር» የሚባለው ነገር ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር መጠየቅ ያስፈልጋል። የማርሳቢት ተራራ ከበረሓው መካከል ብድግ ያለ በደን የተሸፈነ ተራራ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የሚገኘውን ሐይቅ የአካባቢው ሰው ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ ይለዋል። በ1920ዎቹ አሜሪካውያኑ ፊልም ሠሪዎች ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን ለዓመታት በዳርቻው ሰፍረው ዝሆኖቹን ሲቀርጹ «የገነት ሐይቅ» አሉት፤ ኦሳም በኋላ ስለዚያ ኑሮ መጽሐፍ ጻፈች። ዛሬ በጉዞ ካርታ ላይ የሚገኘው ይኸው የእነርሱ ስም ነው። በ1970 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ አሕመድ የሚባለው ረጅም ጥርስ ያለው የማርሳቢት ዝሆን በልዩ አዋጅ እንዲጠበቅ አዘዙ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1974 ድረስም ጠባቂ አልተለየውም። ዝሆኑ መጠበቁ መልካም ነው። ነገር ግን ከተራራው ላይ ወርዶ በሜዳው የሚኖረው ሰው ያን ያህል ዐይን አላረፈበትም። አንድ ቦታ ውብ የሚባለው በተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን የሚያየው ሰው በዚያ ቆይቶ ስም ስላወጣለትም ነው። ያልተቆየበት ቦታ ውብ የመሆን ዕድል አላገኘም።

የዕቅዱ ሌላ ምዕራፍ ወቅት ነው። ማንኛውም አስተዋይ የሞተር ተጓዥ የደጋውን ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ ይሸሻል። በድንበሩ ዙሪያና በባሕሩ ዳርቻም የመጋቢትና የሚያዝያን ዝናብ ይሸሻል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ጭቃ ላይ ሁለት ጎማ አይቆምም። ይሁንና ቦረና የመጋቢቱን ዝናብ «ገና»፣ የጥቅምቱን «ሐገያ» ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሕይወቱ በእርሱ ላይ ስለቆመ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንገዱ ለሞተር የተመቸ፣ ደረቅና ጥሩ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግን የከብት ሬሳ ተከምሮ ነበር። «ጥሩ የአየር ጠባይ» የሚለውን የዕቅድ ቃል ወደዚህ አገር ቋንቋ ለመመለስ የሚሞክር ተርጓሚ፣ ቃሉ ተገልብጦ «ድርቅ» ሆኖ ያገኘዋል።

ታዲያ ሞተር ብስክሌትና ጥሩ የጉዞ ሥነ ጽሑፍ አይገናኙም ማለት ነውን? አይደለም። በ1952 ሁለት ወጣት አርጀንቲናውያን፣ ኤርኔስቶ ጉቬራና አልቤርቶ ግራናዶ፣ በአሮጌ ኖርተን ሞተር ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥተው አንዲስን ተሻግረው ቺሌ ገቡ። የእነርሱም ዕቅድ ባሕርና ተራራ ነበር። ሞተሩ ቺሌ ውስጥ ጨርሶ ሞተ። አንባቢ እንደሚያስተውለው የጉቬራ ማስታወሻ ኃይል የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን አቅራቢያ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ብርድ ልብስ የሌላቸውን ባልና ሚስት የሚያገኘው በእግርና በጭነት መኪና ሲጓዝ ነው። ሞተሩ ባይሞት ኖሮ በዚያ ሌሊት በዚያ ቦታ ባልተገኘም ነበር። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊም በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ባሕር ዳርቻ ተነሥታ በስሜን ተራሮች አድርጋ አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘችው ከአንዲት በቅሎ ጋር በእግሯ ነው። ከባሕር እስከ ተራራ የሚለው ሐሳብ ከእርሷ ዘንድም አለ፤ ነገር ግን በየማታው የሰው ደጅ ማንኳኳት ስለነበረባት መጽሐፏ በሰው የተሞላ ነው። ቁም ነገሩ ከሞተርና ከበቅሎ ማን ይበልጣል የሚለው አይደለም። ተጓዡ ሰው የሚያስፈልገው ከሆነ ሰውን ያያል። ነዳጁን፣ ምግቡን፣ ድንኳኑንና ሁለት አጃቢ መኪና ይዞ የሚጓዝ ሰው ከአሽከርካሪነት በቀር ማንም አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ በፈረንጅ ጸሐፊ ላይ ብቻ አራግፈን ብንሄድ ግን ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል። የእኛም አማርኛ ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። አማርኛ የዳበረ የጉዞ ጽሑፍ ልማድ አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልእክተኝነት ጃፓን ደርሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አውሮፓና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሄደው ብዕር ወደ ደቡብ ድንበር ግን ብዙም አልመጣም። ሲመጣም ይዞት የመጣው ቃል «ጠረፍ» የሚል ነው። ጠረፍ የባሕርም ዳርቻ ነው፣ የአገርም ዳርቻ ነው። የባሕር ጠረፍ ሲባል አየሩና እይታው ይናፈቃል፤ ጠረፍ አገር ሲባል ግን መምህሩና ወታደሩ ሊመደብበት የማይወደው ስፍራ ይታሰባል። አንድ ቃል በሁለት ፊቱ የሞተር ተጓዡን ዕቅድ ይዞልናል። እኛ በአማርኛ እያነበብን በዚህ ጠረፍ የምንኖር ሰዎች ቃሉን ከማንም በፊት ልንጠይቀው ይገባን ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አስፋልት ለብሶ ተጠናቋል። በታኅሣሥ 2020 በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር አገልግሎት በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቋል። በ2012 በላሙ የተጀመረው የወደብና የመንገድ ዕቅድም ባሕሩን ከኢትዮጵያ ጋር በዚሁ በእኛ በኩል ሊያገናኝ የታሰበ ነው፤ የወደቡ የመጀመሪያ መቆሚያ በ2021 ሥራ ጀምሯል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ታማሚ ቶሎ ሐኪም ቤት ይደርሳል፣ ከብቱም ቶሎ ገበያ ይወጣል። ነገር ግን ሞተረኛው ቀድሞ በድንጋዩ ምክንያት ሳይወድ የሚያድርበትን ምድር አሁን ከቁርስ እስከ እራት ያቋርጠዋል። ክፉው መንገድ ቢያንስ ለመቆም ያስገድደው ነበር፤ አሁን መቆም በዕቅዱ ካልተጻፈ አይቆምም። ስለዚህ ዕቅዱን መተቸት ከዱሮው ይልቅ ዛሬ ይጠቅማል።

ምን ቢጻፍበት ይሻላል? ጥያቄው ቀላል መልስ አለው። ከያቤሎ እስከ ኢሲዮሎ ሦስት ሌሊት ይመደብ። ከዱብሉቅ ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃ ሲያወጡ ለማየት የሚፈልግ፣ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት የጉድጓዱን አባት አስፈቅዶ ተራው የማን እንደሆነ ይጠይቅ። በማርሳቢት የሐይቁን ሁለቱንም ስሞች ይጻፍ። በሜዳው ላይ አንድ ቀን ሞተሩን አቁሞ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይዋል። የእኛም አገር ሞተረኛ ጥሩ አስተማሪ ነው። «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም «ቦርደር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ፣ ከኬንያና ከዩጋንዳ ድንበር የተወለደ መሆኑ ይታወቃል። የቦዳ ቦዳ ነጂ ወላድ ሴት፣ ጀሪካን ውሃ፣ የታመመ ፍየል ጭኖ በየቀኑ በዚህ ምድር ይመላለሳል፤ በዕቅዱ ውስጥ «የማለፊያ ቀን» የሚባል ነገር የለም።

የቀረው ድርሻ የእኛ ነው። በዚህ መንገድ በ1991 በእግሩ የመጣ፣ በከብት መኪና ላይ ሦስት ሌሊት ያደረ፣ ካምፑ ሲፈርስ ያየ ሰው ገና በመካከላችን አለ፤ አማርኛም ያነባል፣ ይጽፋል። የፈረንጁ መጽሐፍ ለዚህ ምድር አንድ መስመር ሰጠው ብለን ስንከራከር፣ የእኛ ቋንቋ ስንት መስመር እንደሰጠው መቁጠር ይኖርብናል። ያን መንገድ ያወቁት ሰዎች ሳያልፉ ያወቁትን ጽፈው ቢተዉ፣ ወደፊት ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርድ ተጓዥ በዕቅዱ ላይ ዋልዳን በስሟ የሚያሰፍርበት ምክንያት ያገኛል።